ለበረከት ብለን ስለጨረስነው ካብ

ለተከበሩ የቀጨሞ ጋራ የዱር እንስሳትና የቅርስ ጥብቅ ስፍራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የማይነቃነቅ፣ ቤተሰብዎም በደስታ የሚኖር እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። በዚህ በሰኔ ጭቃ ከቢሮዎ ወጥተው ጋራውን ለመውጣት እንደማይገደዱም ተስፋ አደርጋለሁ፤ ለእግርዎም ለጫማዎም አሳቢ ነኝ።

ጉልላት ኪዳን እባላለሁ። ዕድሜዬን በጂኦግራፊ መምህርነት አሳልፌ ጡረታ የወጣሁ፣ የኮልፌ ቀራንዮ ነዋሪና የታችኛው ቀራንዮ ነዋሪዎች መረዳጃ እድር አባል ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለማውጣት የተገደድሁት ወደ ቢሮዎ ብመላለስም ላገኝዎ ስላልቻልሁ ነው፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ነው፣ የመጣሁት በሥራ ሰዓት ነበርና።

ጉዳዩ ሲጠቃለል እንዲህ ነው። የጥብቅ ስፍራዎ የበር ዘብ አቶ አየለ «በቸልተኝነት ጥንታዊውን ካብ አስጠፍተሃል» ተብለው ከሥራ ታግደዋል። የመጨረሻው ውሳኔ በመጪው ሳምንት ይሰጣል ተብሏል፤ ከተባረሩ በበሩ አጠገብ ያለችውን የመሥሪያ ቤት ጎጆ ከነባለቤታቸው ይለቃሉ። ካቡን የወሰድነው ግን እኛ ነን። የወሰድነውም እርስዎ ስለፈቀዱልን ነው። ይህ እንዴት እንደሆነ በክፍል ውስጥ እንደለመድሁት በተራ ቁጥር አስረዳለሁ፤ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ።

፩. ስለ ታፔላው

በመጀመሪያ ስለ ታፔላው ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ቀጨሞ ጋራን ያወቅሁት ገና በማስተማር ላይ ሳለሁ፣ ተማሪዎች ይዤ ስሄድ ነው። ያን ጊዜ በወይራውና በጽዱ መካከል ወገብ ድረስ የሚደርስ የድንጋይ ካብ ጋራውን እንደ መቀነት ዞሮት ይታይ ነበር፤ ጭቃ የለው፣ ሲሚንቶ የለው፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተረጋግቶ የተቀመጠ። በየስንጥቁ ሽኮኮ ይኖር ነበር። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ካቡ ላይ ተደርድረው ይሞቃሉ፤ የንስር ጥላ ሲያልፍ አንዱ ይጮኻል፣ ሁሉም ወዲያው ድንጋዩ ውስጥ ይሰወራሉ። ከበላያቸው ጉሬዛዎች ከዛፍ ዛፍ ይዘላሉ። ተማሪዎቼ ካቡን ለማየት መጥተው ሽኮኮ አይተው ይመለሱ ነበር፤ ሽኮኮ ለማየት የመጡት ደግሞ ካቡን። አንዱ ያለሌላው እንደማይኖር እኔ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

የዚያን ጊዜው ታፔላ «ማን እንደሠራው፣ መቼና ለምን እንደተሠራ ገና ያልታወቀ ጥንታዊ ካብ» ይል ነበር። ተማሪዎቼን በዚያ ታፔላ ፊት እያቆምሁ ብዙ አስተምሬአለሁ፤ አንድ መሥሪያ ቤት አላውቅም ብሎ በቀለም ሲጽፍ ሌላ ቦታ አላየሁምና። እርስዎ ሹመቱን ሲረከቡ ግን ይህን ነውር አልታገሡም። ቁፋሮ ሳይደረግ፣ አጥኚ ሳይመጣ፣ ቀለም ቀቢ ብቻ መጥቶ፣ ካቡ በአንድ ቀን ከሰዓት በኋላ «የጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ» ሆኖ ዋለ። የጎብኚው ቁጥር ከፍ እንዲል በማሰብ እንደሆነ ተረድቻለሁ። ከፍ ብሏል። እንኳን ደስ አለዎት።

፪. ስለ ጉዞአችን

እድራችን በየዓመቱ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ጉዞ አለው። ባለፈው ጥር አዲሱን ታፔላ የሰማ አንድ አባል ወደ ቀጨሞ ጋራ እንሂድ አለና ቅጥቅጥ አውቶቡሶች ተከራይተን ከዓለም ባንክ ሰፈር ተነሣን። የሰፈሬን ሰው ጠባይ ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ልግለጽ፤ የእኛ ሰው ከተባረከ ስፍራ ባዶ እጁን አይመለስም። ጠበል ካለ በጀሪካን፣ እምነት የሚባለው አፈር ካለ በላስቲክ ቋጥሮ ይመጣል። ቀጨሞ ጋራ ላይ ጠበልም እምነትም አልነበረም። የነበረው ድንጋይ ነው።

ሰብሳቢያችን አቶ አምሐ፣ በቅንነታቸው የማልጠረጥራቸው ሰው፣ ካቡ ላይ ቆመው «ወገኖቼ፣ አዳራሻችን የፊት ግድግዳ ብቻ ነው የቀረው፤ እያንዳንዳችን ከዚህ ታቦት ካረፈበት ቦታ አንዳንድ ድንጋይ ይዘን ብንገባ ግንበኛው ይሠራዋል፣ በረከቱም ሰፈራችንን ይጠብቃል» ሲሉ ሕዝቡ እልል አለ። በዕድሜ ታላቃችን የሆኑት እማማ ወለተጻድቅ «አምሐ ልጄ፣ ትንሽ ብትሆን ችግር አለው?» ብለው ሲጠይቁ፣ «እማማ፣ በረከት በኪሎ አይመዘንም!» ተባሉ። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ባልጽፈው ይሻለኝ ነበር። እናቶች ድንጋዩን እንደ ሕፃን በነጠላ ጠቅልለው ታቀፉ። ጎልማሶቹ ትልቅ ትልቁን ለማንሣት ተሽቀዳደሙ፤ «ኧረ እሱን ለእኔ ተውልኝ፣ የአንተ ወገብ እንደሆነ በሰርግ ጭፈራም አላገዘህም» እየተባባሉ። ሁሉም በደስታና በአክብሮት ነበር። አንድም ሰው ሰረቅሁ ብሎ አላሰበም፤ ቅርስ በአክብሮት ሲጠፋ እንዲህ እንደሚመስል ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

እኔ ድንጋይ አልያዝሁም። የጎረቤቴን ድንጋይ ግን ተቀብዬ ወደ አውቶቡሱ አስገብቻለሁ። የሁለቱ ልዩነት ያን ዕለት ግልጽ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ጠፍቶኛል።

፫. ስለ ስልኩ

አቶ አየለ ከበሩ ሮጠው መጡና የአውቶቡሱን ደጃፍ በሁለት እጃቸው ይዘው «በሕግ አምላክ! አስቀምጡ! ይሄ የመንግሥት ንብረት ነው፤ ሽኮኮዎቹም ያሉት እዚያ ውስጥ ነው» አሉ። አቶ አምሐ «ወንድሜ፣ ይሄ የእግዚአብሔር ቤት ነው፤ የገዛ ታፔላህን አታነብም እንዴ?» ሲሏቸው፣ «ማንበቡንስ አንብቤዋለሁ፤ ጉድጓዱን ቆፍሬ ያቆምሁትም እኔ ነኝ» ብለው መለሱ። አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ። እኔም ፈገግ ብያለሁ።

ያን ጊዜ ነው ለእርስዎ የደወሉት። የስልካቸው ማዳመጫ ተበላሽቶ በድምፅ ማጉያ ብቻ የሚሠራ ስለነበር ድምፅዎ ለሁላችንም ተሰማ። «እንግዳ አታስቀይም፤ ድንጋይ መቼ ጠፍቶ ነው! ይልቅ ቁጥራቸውን ንገረኝ፣ ሪፖርት ልልክ ነው» አሉ። አቶ አየለ «የድንጋዩን ነው የሰዉን፣ ጌታዬ?» ብለው ጠየቁ። «የሰዉን!» አሉና ዘጉ። አቶ አየለ ከደጃፉ ዘወር ብለው አሳለፉን። ማንንም አልተሳደቡም። ድንጋይ የከበዳት አንዲት እናት ደረጃውን ስትወጣ እንኳ ክንዷን ደግፈዋል።

ለዚህ ፈጣንና ግልጽ መመሪያ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ምነው እኔ ደጅ ስጠናም ግማሹን ያህል ቢፈጥኑ።

፬. ከዚያ ስለሆነው

የእኛ አዳራሽ ወሬ በየለቅሶ ቤቱ ተዛመተና ሌሎች እድሮችና ማኅበሮችም ተከተሉ። እሑድ እሑድ የአውቶቡስ ጥሩንባ ጋራውን አናወጠው። በፋሲካ ሰሞን ካቡ ቁርጭምጭሚት አይደርስም ነበር ይባላል። ጉሬዛዎቹ ወንዙን ተሻግረው ሄዱ። ቤታቸው በየአውቶቡሱ የሄደባቸው ሽኮኮዎች ወደ ገበሬው የባቄላ ማሳ ወረዱ፤ ገበሬውም ውሻ ለቀቀባቸው፣ ምን ያድርግ! ንስሩም የሚያድነው ሲያጣ ሌላ ሰማይ ፈለገ።

ጽሕፈት ቤትዎ በዚህ ጊዜ እጁን አጣጥፎ እንዳልተቀመጠ መመስከር አለብኝ። በበሩ ላይ ከሲሚንቶ የተሠራ የሽኮኮ ሐውልት አቁመዋል። አንዳንዶች ጥንቸል ነው ይላሉ፤ እኔ ግን በጎ ጎኑን አይቼ፣ ከእውነተኛው ይልቅ ሥርዓት ያለው፣ የማይሸሽና ለፎቶግራፍ የሚመች መሆኑን አድንቄአለሁ። የሚነሣ ድንጋይ ባለቀ ጊዜ ደግሞ «ድንጋይ ማንሣት በሕግ ያስቀጣል» የሚል ሁለተኛ ታፔላ ተተክሏል። ይህም ትክክል ነው፤ ሕግ የሚከበረው የሚጣስበት ምክንያት ሲጠፋ ነው።

፭. ስለ ሽልማቱና ስለ ቅጣቱ

ከበላይ አካል «ካቡ የት ሄደ?» የሚል ጠያቂ በመጣበት በዚያው ሳምንት ከቢሮዎ ሁለት ወረቀቶች ወጡ። አንዱ ለእድራችን የተሰጠ «የዓመቱ ምርጥ ጎብኚ ቡድን» የሚል የምስጋና ሰርተፊኬት ነው፤ በአዳራሻችን ውስጥ በመስታወት ተሰቅሏል። ሁለተኛው የአቶ አየለ እገዳ ነው። ወሳጅ ተሸልሞ ከልካይ ሲቀጣ ለማየት ዕድሜ ስለሰጠኝ ፈጣሪን አመሰግናለሁ።

፮. ስለ ወይዘሮ አልማዜ

ይህን ክፍል የምጽፈው እርስዎን ለመውቀስ አይደለም። በዚህ ውስጥ እርስዎ የሉበትም፤ ያለነው እኛ ነን።

በግንቦት መጨረሻ አንድ እሑድ የአቶ አየለ ባለቤት ወይዘሮ አልማዜ ሰፈራችንን አጠያይቀው መጡ። የመጡት ድንጋይ ሊጠይቁ አልነበረም። በስልኩ የተባለውን የሰማ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ቢሮዎ መጥቶ እንዲናገርላቸው ሊለምኑ ነበር። የእድሩ ምሳ ደርሶ ስለነበር እንደ እንግዳ ወንበር ሰጥተን፣ ሳሕን አቅርበን «ይብሉ፣ ይብሉ እንጂ» እያልን አስተናገድናቸው። ጀርባቸውን ለአዲሱ ግድግዳ ሰጥተው በሉ። እጃቸውን ሊታጠቡ ሲነሡና ሲዞሩ ግድግዳውን አዩት። የድንጋዩ ሽበት፣ በላዩ የበቀለው ግራጫ ሽፋን፣ ገና አልረገፈም ነበር፤ ያ ሽበት ዕድሜ ልካቸውን ከጎጆአቸው ደጃፍ ሲያዩት የኖሩት ነው። መዳፋቸውን አሳረፉበት። ከዚያ «ደኅና አድርጋችሁ ሠርታችሁታል፤ ያምራል» አሉ።

አቶ አምሐ ከልማድ የተነሣ «አሜን፣ ያክብርልን» ብለው መለሱ።

ሳሕን የያዝን ሁሉ መሬት መሬት አየን። «እናስብበታለን» አልናቸው፤ ይህን ቃል ከእርስዎ ቢሮ የተማርን ይመስለኛል። እስከ ፌርማታው የሸኘኋቸው እኔ ነኝ። ታክሲው ሲመጣ «መምህር፣ እርስዎ በጆሮዎ ሰምተው ነበር?» አሉኝ። «ሰምቻለሁ» አልኋቸው። «እንግዲያማ አየለ አልዋሸኝም» አሉና ገቡ።

የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣ ያ ሰው በቤቱም ታግዶ እንደከረመ እስከዚያች ደቂቃ አላሰብሁም ነበር። ብዙ ተማሪ ፊት ቆሜ ተሳስቻለሁ፤ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ወንዝ ያለቦታው አፍስሼ ተስቆብኛል። እንደዚያ ቀን ግን አፍሬ አላውቅም። ስለ ሰፈሬ አፈርሁ፤ ስለ ሰርተፊኬታችን አፈርሁ፤ ከሁሉ በላይ፣ ለመናገር ሌላ ሰው እስኪመጣ የጠበቅሁ በመሆኔ አፈርሁ።

፯. ስለ ማኅተም

በማግስቱ ቢሮዎ መጣሁ። አንድ ወጣት ሠራተኛዎ በጨዋነት ተቀበለኝና «አባባ፣ ምስክርነት በግል አይቻልም፤ ድንጋዩን ወሰደ የተባለው አካል በማኅተም ይጻፍ» አለኝ። አክሎም «ደግሞ እርስዎ ጡረታ ወጥተዋል፣ ምን አደከመዎት፣ ቤትዎ ሆነው ፀሐይ አይሞቁም?» ብሎ መከረኝ። ፀሐይ መሞቂያ የነበራቸውንም እንዳሳጣናቸው ልነግረው አስቤ ተውሁት፤ ልጁ ምን አጠፋ።

ማኅተሙን ከእድሩ ጠየቅሁ። በጠቅላላ ጉባኤው አቶ አምሐ «ማኅተም አድርገን ብንጽፍ ሌባ ነን ብለን መፈረማችን አይደለም እንዴ? ግድግዳው ቢፈርስስ ድንኳኑንና ድስቱን የት ልናደርገው ነው? ክረምት ገባ እኮ!» አሉ። ከኋላ አንድ ሰው «ሰርተፊኬቱንስ?» ሲል ግማሹ ሳቀ። እኔም ሌላ ነገር ስላልነበረኝ የዚህን ደብዳቤ ረቂቅ አውጥቼ እስከ ቁጥር ስድስት አነበብሁላቸው፤ የሰው ስም ያለባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ ማውጣትም ደግ አይደለምና። ስጨርስ ሳቅ አልነበረም።

እማማ ወለተጻድቅ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ «ልጆቼ ስሙኝ፤ የእኔ ቀን ቀርቧል። ድንኳኔን የምትጥሉት እናንተ ናችሁ። ሰው ከጎጆው ሊያስወጣ በቆመ ግድግዳ ሥር ለቅሶዬ እንዳይቀመጥ። የሚቀመጥ ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ ስሜን ከእድሩ ፋቁልኝ፤ ልጆቼ ብቻቸውን ይቅበሩኝ» አሉ።

በእኛ ሰፈር አንድ አዛውንት እድር አይቅበረኝ ሲሉ ከእርግማን የሚያንስ ነገር አይደለም። አቶ አምሐ ደንግጠው «እማማ፣ ኧረ እንዲህ ያለ ነገር ከአፍዎ አይውጣ!» ቢሉ፣ «አንዴ አውጥቼዋለሁ፤ አሁን እናንተ ድንጋዩን አውጡ» ተባሉ። ለፍትሐዊነት ሲባል ይህንንም እጽፋለሁ፤ በማግስቱ ማለዳ ኮታቸውን አውልቀው ዲጂኖ በመጀመሪያ ያነሡት ራሳቸው አቶ አምሐ ናቸው።

፰. ስለምንለምነው

እንግዲህ በማኅተም የተጻፈው ምስክርነት ከዚህ ጋር ቀርቦልዎታል። ከተናገሩት ቃል አንድም አልጨመርንም፣ አንድም አልቀነስንም። አቶ አየለን ወደ ሥራቸው እንዲመልሱና እገዳው ስሕተት እንደነበር ለባለቤታቸው ጭምር በጽሑፍ እንዲያሳውቁ እንለምናለን።

ድንጋዩን እንመልሳለን። ካቡን ግን መመለስ አንችልም፤ ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ግንበኛው በሲሚንቶ አያይዞት ስለነበር በመዶሻ ስናራግፈው ያ የድንጋይ ሽበትም አብሮ ይረግፋል፤ የትኛው ከየትኛው በላይ እንደነበር የሚያውቅም የለም። የምናመጣልዎ ክምር ነው። ምናልባት ሽኮኮ ክምርም አይንቅ ይሆናል፤ ከእኛ የተሻለ ሆደ ሰፊ ፍጥረት ነው።

ስለ ታፔላውም አንድ አሳብ አለኝ። የቀድሞው ጽሑፍ ይመለስና ከሥሩ «ማን እንደሠራው አይታወቅም፤ ማን እንዳፈረሰው ግን ይታወቃል» የሚል ይጨመርበት። የእድራችንን ስም ለመጻፍ ፈቃዳችን ነው። የእርስዎን ስም ለማስጻፍ ግን ያንን ሁላችንም የምናውቀውን ትሕትናዎን እንጠብቃለን።

በመጨረሻም እስከዚህ ድረስ ካነበቡ ስለ ጊዜዎ፣ ካላነበቡም ስለ ወትሮው ጽናትዎ ያለኝን ጥልቅ ምስጋና እየገለጽሁ፣ በሹመት ላይ ሹመት፣ በታፔላ ላይ ታፔላ እንዲጨመርልዎ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮትና ከዚያ በማያንስ ኀፍረት እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ
ጉልላት ኪዳን
ጡረተኛ መምህር፣ ቀራንዮ

ማሳሰቢያ፦ ድንጋዩን የጫነው አይሱዙ ሐሙስ ማለዳ በጥብቅ ስፍራዎ በር ላይ ይደርሳል። በሩን ማን እንደሚከፍትልን ለማወቅ ትናንት ቢሮዎ ደውዬ ነበር። የታገደውን ዘብ የተካ ሌላ ሰው እንዳልተመደበ ነገሩኝ። «ታዲያ እስከ ዛሬ ጋራውን ማን ሲጠብቅ ከረመ?» ብዬ ብጠይቅ፣ ሠራተኛዎ ጥያቄዬ ግራ አጋብቶት «እንዴ፣ አየለ ነዋ! ሌላ ማን አለን?» አለኝ።